ፓውል ኤርሊክ

ፓውል ኤርሊክ (ማርች 14 ቀን 1854 – ኦገስት 20 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1846 – ነሐሴ 14 ቀን 1907 ዓ.ም.) ጀርመናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የደም ሕዋሳትን በቀለም ለይቶ በማሳየቱ፣ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ለማብራራት ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ እና ለቂጥኝ የመጀመሪያውን ውጤታማ ሰው ሠራሽ መድኃኒት በማግኘቱ ይታወቃል። በ1908 በፓሪስ ይሠራ ከነበረው ከኢልያ ሜችኒኮቭ ጋር የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። ኬሞቴራፒ የሚለውን ቃል የፈጠረውም እርሱ ነው።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ዋናው ነገር ግን አስማታዊ ጥይት ብሎ የጠራው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ጤናማውን የሰውነት ክፍል ሳይነካ በሽታውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት ማለት ነው። የካንሰር መድኃኒት ተሸክመው ዕጢው ጋ ሲደርሱ ብቻ እንዲለቁ የሚታቀዱት የዛሬዎቹ ናኖ ቅንጣቶች ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። ኤርሊክ ራሱ ካንሰርን ለዓመታት መርምሯል፤ መድኃኒት ግን አላገኘለትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ኤርሊክ የተወለደው በያኔው የፕሩሲያ መንግሥት በሲሌሲያ ክፍለ ሀገር ሽትሬለን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ስትሆን ስትሸሊን ትባላለች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። አባቱ ኢዝማር ኤርሊክ አረቄ ያወጣ የነበረ ሲሆን በአካባቢው የሎተሪ ገንዘብ ሰብሳቢም ነበር። እናቱ ሮዛ ቫይገርት ትባላለች። ለሕይወቱ አቅጣጫ ወሳኝ የሆነው የእናቱ ወንድም ልጅ ካርል ቫይገርት ነው። ቫይገርት በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው የበሽታ አጥኚ ሐኪም ነበር፤ ባክቴሪያን በቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ካዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም አንዱ ነው። ወጣቱን ኤርሊክ ከማይክሮስኮፕና ከቀለም ጋር ያስተዋወቀው እርሱ ነበር።

ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነበር። የጀርመን የኬሚካል ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በየጊዜው አዳዲስ ሰው ሠራሽ ቀለሞችን ያወጡ ነበር። ቀለሞቹ የሚፈለጉት ለጨርቅ ነው፤ የኤርሊክ ፍላጎት ግን ሌላ ነበር። በብሬስላው (የዛሬዋ ቭሮትስዋፍ)፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ሲማር ከመደበኛው ትምህርት ይልቅ ቀለም በመቀላቀል ጊዜውን ያሳልፍ ነበር። የሽትራስቡርግ መምህሩ የሰውነት አካል አጥኚው ቪልሄልም ቫልዳየር ነገሩ ስለገባው ተማሪውን አልከለከለውም።

በተማሪነቱ ስለ እርሳስ መመረዝ የተጻፈ አንድ ጥናት አነበበ። ጥናቱ የሚያሳየው የተመረዘ እንስሳ አካላት እርሳሱን እኩል እንደማይወስዱ ነው፤ አንዱ ብዙ ያከማቻል፣ ሌላው ጥቂት። ኤርሊክ ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ አንድን ጥያቄ መከተል ሆነ፦ አንድ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ገብቶ በመላ ሰውነት ሲዞር ለምን አንዱን ቦታ መርጦ ይይዛል፣ ሌላውንስ ለምን ይተዋል?

በ1878 በላይፕሲግ ለዶክትሬት ያቀረበው ጽሑፍ ስለ ኅብረ ሕዋስ አቀላለም ነበር። ማስት ሴል የተባሉትን፣ ዛሬ ከአለርጂ ጋር በተያያዘ የሚታወቁትን ሕዋሳት የገለጸው በዚሁ ጊዜ ነው። በውስጣቸው ያሉትን ጥራጥሬዎች አይቶ ከመጠን በላይ የበሉ መስለውት ስለነበር ስሙን ማድለብን ከሚያመለክት የጀርመንኛ ቃል ወሰደ። ግምቱ ስህተት ነበር፤ ስሙ ግን ቀረ።

በሻሪቴ ሆስፒታል

ከምረቃው በኋላ በበርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጠረ። አለቃው ቴዎዶር ፍሬሪክስ ለምርምር በቂ ጊዜ ሰጠው። ኤርሊክ ቀለሞችን አሲዳማ፣ ቤዛማና ገለልተኛ ብሎ ከፍሎ ነጭ የደም ሕዋሳት ለየትኛው ቀለም እንደሚስማሙ መረመረ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የደም ምርመራ ውጤት ላይ የሚነበቡት ኒውትሮፊል፣ ኢዮሲኖፊልና ባዞፊል የሚሉት ስሞች የመጡት ከዚህ ሥራ ነው። ስማቸው ራሱ የወደዱትን ቀለም ይናገራል።

ማርች 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊክ ከአድማጮቹ መካከል ነበር። ወዲያው ወደ ሥራው ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከኮህ ዘዴ የተሻለ አቀላለም አቀረበ። ይህ ባክቴሪያ አንዴ ቀለም ከያዘ በአሲድ ቢታጠብም እንደማይለቅ ያሳየው እርሱ ነው። በኋላ ዚልና ኒልሰን ያሻሻሉት ይኸው ዘዴ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ጭምር ለአክታ ምርመራ ሲያገለግል ኖሯል። በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሳንባው በሽታም ለካንሰርም መዋሉ እዚህ ላይ ይገጥማል፤ ኤርሊክ ሁለቱንም በየተራ መርምሯል።

በ1885 ባሳተመው ሥራ ላይ ደግሞ ቀለሞችን በሕይወት ባሉ እንስሳት ደም ውስጥ በመርፌ አስገብቶ የት እንደሚደርሱ ተከታተለ። ብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች ሲቀልሙ አንጎል ሳይቀልም ቀረ። ኤርሊክ ምክንያቱ አንጎል ቀለሙን ስለማይስብ ነው ብሎ አሰበ። ትክክለኛው ምክንያት የታየው ቆይቶ ነው፤ ተማሪው ኤድቪን ጎልድማን በ1913 ቀለሙን በቀጥታ አንጎልን ወደከበበው ፈሳሽ ሲያስገባ አንጎሉ ቀለመ፣ የቀረው ሰውነት ግን አልቀለመም። በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ ማለት ነው። ለአንጎል ካንሰር የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች ዛሬም የሚታገዱት በዚህ አጥር ነው።

በ1883 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነችውን ሄድቪግ ፒንኩስን አገባ። ሽቴፋኒና ማሪያነ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ፍሬሪክስ በ1885 ሲሞት በቦታው የተተኩት አለቃ ለምርምር እንደ ቀድሞው ነፃነት አልሰጡትም። በ1888 ኤርሊክ የራሱን አክታ ሲመረምር በሽታውን አገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል፣ ያገኘውም ራሱ ባሻሻለው ዘዴ ነው። ከባለቤቱ ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ በደረቁ አየር ተቀምጦ በ1889 አገግሞ ተመለሰ። ሥራ ስላልነበረው በበርሊን አነስተኛ የግል ቤተ ሙከራ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ኮህ ወደ አዲሱ የተላላፊ በሽታዎች ተቋሙ አስገባው።

በ1891 ከፓውል ጉትማን ጋር ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጠ፤ ሁለቱም ተሻላቸው። ቀለሙ የተመረጠው የወባን ተሕዋስ አጥብቆ ስለሚያቀልም ነው። ቀለም ተሕዋሱን ብቻ መርጦ ከያዘ፣ መርዝነት ያለው ቀለም ደግሞ ተሕዋሱን ብቻ መርጦ ሊገድል ይችላል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ በተግባር ታየ። ኪኒን የበለጠ ይሠራ ስለነበር ሜቲሊን ብሉ የወባ መድኃኒት ሆኖ አልዘለቀም።

ሴረምና የጎን ሰንሰለት

በ1890ዎቹ ኤሚል ፎን ቤሪንግ ለዲፍቴሪያ (ዘጊ አነዳ) መድኃኒት የሚሆን ሴረም ከእንስሳት ደም ማዘጋጀት ችሎ ነበር፤ ጥንካሬው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ኤርሊክ የሴረምን ጥንካሬ በቋሚ መለኪያ የመመዘን ዘዴ አበጀ። በ1894 ሴረሙ ለገበያ ቀረበና የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አተረፈ። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነት ግን በገንዘብና በክብር ጉዳይ ሻከረ። የመጀመሪያውን የሕክምና የኖቤል ሽልማት በ1901 የወሰደው ቤሪንግ ብቻውን ነው።

ኤርሊክ በ1896 በሽቴግሊትዝ የተከፈተው የሴረም ተቋም ኃላፊ ሆነ፤ ተቋሙ በ1899 ወደ ፍራንክፈርት ተዛወረ። የጎን ሰንሰለት ንድፈ ሐሳቡን ያቀረበው በ1897 ነው። እንደ እርሱ አገላለጽ ሕዋስ በላዩ ላይ ምግብ የሚቀበልባቸው የጎን ሰንሰለቶች አሉት። መርዝ ቁልፍ ከጓጉንቸር ጋር እንደሚገጥም ከአንዱ ሰንሰለት ጋር ከገጠመ ያ ሰንሰለት ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ሕዋሱ ምትክ ሲያበቅል ከሚያስፈልገው በላይ ያበቅልና ትርፉን ወደ ደም ይለቃል፤ በደም ውስጥ መርዙን የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላት እነዚህ ናቸው። ዝርዝሩ ዛሬ ተቀይሯል፤ ዡል ቦርዴን የመሳሰሉ ባልደረቦቹም በዘመኑ ተከራክረውታል። ሕዋስ በላዩ ላይ ለይተው የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉት የሚለው ዋና ሐሳብ ግን ጸንቷል።

ከዚህ ሁሉ ለመድኃኒት ታሪክ የሚበልጠው በብዙ አጫጭር መግለጫዎች የሚዘለል አንድ ነጥብ ነው። ኤርሊክ መርዝ ሁለት ክፍል እንዳለው ተናገረ፤ አንደኛው የሚይዘው ክፍል፣ ሁለተኛው የሚገድለው ክፍል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የሚይዘው ሳይነካ የሚገድለው ሊበላሽ ይችላል። እንግዲህ በተቃራኒውም ማሰብ ይቻላል ማለት ነው፦ ትክክለኛ መያዣ ተፈልጎ መርዝ ይጫንበት። ዒላማ ፈላጊ የካንሰር መድኃኒት ሁሉ የሚሠራው በዚህ ክፍፍል ላይ ነው።

የካንሰር ጥናቱ

ኤርሊክ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በፍራንክፈርት የካንሰር ጥናት ክፍል አቋቋመ። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከከተማዋ ባለጸጎች፣ በተለይ ከሽፓየር የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ነበር።

የሠራባቸው የጡት ዕጢ በወጣባቸው አይጦች ላይ ነው። ዕጢውን ቆርጦ ወደ ጤናማ አይጥ ያስገባል፣ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ባክቴሪያ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲተላለፍ እንደሚበረታ ሁሉ ዕጢውም በየትውልዱ እየከፋ ሄደ፤ መጀመሪያ በጥቂት አይጦች ብቻ ይይዝ የነበረው በኋላ በአብዛኞቹ ያዘ። ዕጢ ባለባት አይጥ ላይ ሁለተኛ ዕጢ ሲተከል ብዙ ጊዜ አያድግም። ኤርሊክ ይህን የምግብ እጦት ብሎ ተረጎመው፤ የመጀመሪያው ዕጢ የሚያስፈልገውን ልዩ ምግብ ጠርጎ ስለሚወስድ ለሁለተኛው አይተርፍም። ለዚህ ማስረጃ ያደረገው አንድ ብልህ ሙከራ ነበር። የአይጥ ዕጢ ወደ ትልቁ የአይጥ ዝርያ ሲዛወር ለጥቂት ቀናት አድጎ ይቆማል፤ ከመሞቱ በፊት ወደ ትንሿ አይጥ ቢመለስ ግን እንደገና ያድጋል። የዛሬ ሳይንስ ይህን በአብዛኛው የሚያብራራው በሽታ በመከላከያ ሥርዓቱ ሥራ ነው።

የሚገርመው ኤርሊክ ራሱ ወደዚያ ሐሳብ ቀርቦ መምጣቱ ነው። በ1909 በታተመ ጽሑፉ በሰው አካል ውስጥ የተበላሹ ሕዋሳት በብዛት እንደሚፈጠሩና የሰውነት መከላከያ ባይገታቸው ኖሮ ካንሰር እጅግ በበዛ ነበር ብሎ ገመተ። ይህ ግምት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌሎች ሳይንቲስቶች ተነሥቶ ዛሬ የካንሰር ኢሚውኖቴራፒ ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ ሆኗል።

መድኃኒት ያላገኘበት ምክንያት ስንፍና አልነበረም። ተሕዋስ ባዕድ ነው፤ በላዩ ያሉት ተቀባዮች ከሰው ሕዋስ ይለያሉ፣ ስለዚህ መያዣ ሊፈለግላቸው ይችላል። የካንሰር ሕዋስ ግን የራስ ሕዋስ ነው። ከጎረቤቱ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ ያንን ጥቂት ልዩነት ማየት የሚችል መሣሪያ በኤርሊክ ዘመን አልነበረም። ከሥራው የቀረው አንዱ ነገር ዕጢው ራሱ ነው። ኤርሊክ ካንሰር እየተባለ በአይጦች ሲተላለፍ የኖረው ዘር አሁንም አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ናኖ ቅንጣቶች ጭምር፣ ይሞከሩበታል።

ከአቶክሲል ወደ 606

በ1904 ከጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ጋር ትሪፓን ቀይ የተባለ ቀለም ትሪፓኖሶም የያዛቸውን አይጦች እንደሚፈውስ አሳየ። ትሪፓኖሶም በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣ ጥገኛ ነው፤ በኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች ከብት የሚጨርሰው ገንዲም ከዚሁ ወገን የሚመጣ ነው።

በ1906 ፍራንዚስካ ሽፓየር በሟች ባለቤቷ ስም ጌኦርግ ሽፓየር ሐውስ የተባለውን ቤተ ሙከራ አቆመችለት። በዚሁ ጊዜ አቶክሲል የተባለ የአርሰኒክ ውህድ በእንቅልፍ በሽታ ላይ እየተሞከረ ነበር። ኮህ በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ሕሙማን ሰጥቶት ነበር፤ ከታከሙት መካከል ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ። ኤርሊክና ኬሚስቱ አልፍሬድ ቤርትሃይም የአቶክሲልን ትክክለኛ አሠራር በ1907 ደረሱበት፤ አሠራሩ ሲታወቅ ክፍሎቹን እየቀያየሩ መርዝነቱን መቀነስና ኃይሉን መጨመር ተቻለ።

ሥራው በዘመኑ ያልተለመደ ሥርዓት ነበረው። እያንዳንዱ ውህድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በአይጥ ላይ ይሞከራል፤ ሁለት መጠኖች ይመዘገባሉ፤ የሚፈውሰው ትንሹ መጠንና እንስሳው የሚችለው ትልቁ መጠን። ሁለቱ ከተቀራረቡ ውህዱ ይጣላል። መድኃኒት ሁሉ ዛሬም የሚመዘነው በዚህ ርቀት ነው። ቡድኑ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ በተደጋጋሚ ትንሽ መድኃኒት ያገኙ ትሪፓኖሶሞች መድኃኒቱን ይላመዱታል። ኤርሊክ መፍትሔ ያደረገው በአንድ ጊዜ ጠንክሮ መምታትን ወይም የተለያዩ ቦታዎችን የሚመቱ መድኃኒቶችን ማጣመርን ነው። ለካንሰር፣ ለቲቢና ለኤችአይቪ ዛሬ የሚደረገው ይኸው ነው።

ቁጥር 606 ቀድሞ ተሠርቶ አይረባም ተብሎ ተቀምጦ ነበር። በ1909 ሳሃቺሮ ሃታ ከጃፓን መጣ፤ ጥንቸሎችን በቂጥኝ የማስያዝ ልምድ ነበረው። ኤርሊክ የተጣሉትን ውህዶች ጭምር እንደገና እንዲሞክር አዘዘው። 606 የጥንቸሎቹን ቁስል አደረቀው። በአፕሪል 1910 በቪስባደን በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ውጤቱ ሲነገር ከየአገሩ ሐኪሞች ለመጠየቅ ይጎርፉ ጀመር። እስከዚያ ድረስ የቂጥኝ ሕክምና በአብዛኛው ሜርኩሪ (ባዚቃ) ሲሆን፣ ሕክምናው ራሱ ጥርስ የሚያረግፍ ነበር። ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት 65,000 ያህል መጠን በነፃ ለሐኪሞች ታደለ። በዓመቱ መጨረሻ የሆክስት ፋብሪካ ሳልቫርሳን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

የሳልቫርሳን ክስ

ሳልቫርሳን አየር ሲነካው የሚበላሽ ቢጫ ዱቄት ነው። በታሸገ ብልቃጥ ይመጣል፤ ሐኪሙ ከመስጠቱ በፊት በጥንቃቄ ማሟሟትና አሲድነቱን ማጥፋት አለበት። በዚያ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በደም ሥር መርፌ የመስጠት ልምድ አልነበራቸውም። ስህተት በዛ፤ ክንዳቸው የተጎዳ፣ ጥቂቶችም የሞቱ ነበሩ። ኤርሊክ እያንዳንዱን የጉዳት ሪፖርት እየጠየቀ መረመረ። በ1912 በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ኒዮሳልቫርሳን አወጣ፤ ለመስጠት ይቀላል፣ ኃይሉ ግን ትንሽ ያንሳል።

ተቃውሞው ከሕክምና አልፎ ሄደ። ኤርሊክ በሰው ሕይወት ይነግዳል ተባለ፤ አይሁዳዊነቱም ተነሣበት። ካርል ቫስማን የተባለ ጋዜጠኛ በፍራንክፈርት ሆስፒታል ሴተኛ አዳሪዎች በግድ ይወጉ ነበር ብሎ ጻፈ። ጉዳዩ በ1914 ለፍርድ ቤት ቀረበ፤ ኤርሊክ ምስክርነት ሰጠ፤ ጋዜጠኛው በስም ማጥፋት እስር ተፈረደበት። ፍርዱ ኤርሊክን ነፃ ቢያወጣም አንድ ነገር አይሽርም፤ 606 ራሱ ኤርሊክ ባሰበው መለኪያ ሙሉ አስማታዊ ጥይት አልነበረም። ተሕዋሱን ከሰው ይልቅ አብልጦ ይይዛል፣ ነገር ግን አርሰኒኩ በመላ ሰውነት ይዞራል። እስከ ፔኒሲሊን መምጣት፣ ማለትም እስከ 1940ዎቹ፣ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም።

ባሕርዩና የመጨረሻ ዓመታቱ

ከሰዎች ጋር ሲሠራ ኤርሊክ በየዕለቱ ለእያንዳንዱ ረዳት የሚሠራውን በባለቀለም እርሳስ በትንንሽ ወረቀቶች ጽፎ ያድል ነበር። ክፍሉ በመጻሕፍትና በወረቀት ክምር የተሞላ ስለነበር እንግዳ መቀመጫ አያገኝም። ብርቱ ሲጋር በቀን ከሃያ በላይ ያጨሳል፤ ምግብ ይረሳል። ለመዝናናት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ያነብ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የጀርመንን ጦር ደግፈው ከፈረሙት 93 ምሁራን አንዱ ሆነ፤ ይህ ከሕይወቱ ታሪክ የሚወደስ ገጽ አይደለም። ጦርነቱ ከብዙ የውጭ ወዳጆቹ ለየው። በ1914 መጨረሻ ቀላል የስትሮክ ሕመም ደረሰበት። በኦገስት 20 ቀን 1915 በባድ ሆምቡርግ በልብ ሕመም ሞተ፤ የተቀበረው በፍራንክፈርት በአይሁዳውያን መካነ መቃብር ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ስሙን ሊያጠፉ ሞከሩ፤ በፍራንክፈርት በስሙ የተጠራውን መንገድ በ1938 ቀየሩት። ባለቤቱ ሄድቪግ ከጀርመን ተሰድዳ በ1948 በአሜሪካ አረፈች። በ1940 ሆሊዉድ በሕይወቱ ላይ የተመሠረተ ፊልም ሠራ፤ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ኤርሊክን ሆኖ ተጫውቷል። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን የክትባትና የሴረም ተቆጣጣሪ ተቋም በስሙ ተሰየመ። ዩሮ እስኪመጣ ድረስም ምስሉ በ200 የጀርመን ማርክ ኖት ላይ ነበር።

አስማታዊው ጥይትና ናኖ ቅንጣቶች

በካንሰር ላይ የመጀመሪያዎቹ ኬሚካላዊ መድኃኒቶች የተሞከሩት ከኤርሊክ ሞት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ሕክምናው የወሰደው የእርሱን ቃል፣ ኬሞቴራፒን ነው። አሠራሩ ግን እርሱ ሊሸሸው የሞከረው ነበር፤ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለውን ሕዋስ ሁሉ ይመታል። የሕመምተኛው ፀጉር የሚረግፈው፣ ደሙ የሚያንሰውና ሆዱ የሚታወከው ለዚህ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዙሪክ ፔተር ፓውል ሽፓይዘር በኤርሊክ ሐሳብ ተነሣሥቶ መድኃኒትን በእጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ የመጫን ሥራ ጀመረ። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ እነዚህ ቅንጣቶች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ይደርሳሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሊፖዞም በተባሉ የስብ ከረጢቶች ሠሩ። በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶክሲል ዶክሶሩቢሲንን በሊፖዞም የያዘ ነው። ዶክሶሩቢሲን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ቀይ መድኃኒት ሲሆን ልብን ይጎዳል፤ በከረጢት ሲሰጥ ወደ ልብ የሚደርሰው ይቀንሳል። ቅንጣቶቹ ወደ ዕጢ የሚገቡት የዕጢ ደም ሥሮች ብዙ ጊዜ ክፍተት ስላላቸውና የገባው ነገር በቀላሉ ተጠርጎ ስለማይወጣ ነው፤ ይህን በ1986 የገለጹት ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማዬዳ ናቸው።

ኤርሊክ የሚይዘውንና የሚገድለውን ለይቶ ነበር። ከረጢቱ ሦስተኛ ጥያቄ አመጣ፦ የተጫነው መቼ ይውረድ? ቶሎ ከወረደ ጥቅም የለውም፤ ጭራሽ ካልወረደም እንዲሁ። ለሁኔታ ምላሽ የሚሰጡ ቅንጣቶች የሚባሉት ለዚህ የተሠሩ ናቸው። በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ሁኔታው ከተሟላ ብቻ የሚፈጸም ትእዛዝ እንዳለ ሁሉ፣ ቅንጣቱም የሚከፈተው የተወሰነ ምልክት ሲያገኝ ብቻ ነው።

ምልክቱ ከዕጢው ከራሱ ሊመጣ ይችላል። የካንሰር ሕዋስ ስኳርን በብዛት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ በዚህ ምክንያት የደም ፒኤች 7.4 ገደማ ሲሆን በብዙ ዕጢዎች ዙሪያ ከ7 በታች ይወርዳል። ሕዋሱ ቅንጣቱን ሲውጠው የሚገባበት ከረጢት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ባለው ክልል ነው። አሲድ ሲነካው የሚፈርስ ማያያዣ እዚያ ደርሶ ይፈታል። ግሉታታየን የተባለው ንጥረ ነገርም በሕዋስ ውስጥ ከውጭው እጅግ ስለሚበዛ የሰልፈር ድልድዮችን ለመስበር ይጠቅማል። ምልክቱ ከውጭም ሊሰጥ ይችላል፤ በሙቀት፣ በብርሃን፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማግኔት። ሚልተን ያትቪንና ባልደረቦቹ በሙቀት የሚከፈት ሊፖዞምን በ1978፣ በአሲድ የሚከፈተውን በ1980 አሳትመዋል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ ያለው መንገድ ግን ቀላል አልሆነም። በሙቀት የሚከፈተው ቴርሞዶክስ በጉበት ካንሰር ላይ ባደረገው ትልቅ ሙከራ በ2013 የታሰበውን ውጤት አላሳየም፤ ቀጣዩም በ2020 ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በ2016 የታተመ የብዙ እንስሳት ጥናቶች ግምገማ ደግሞ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት መጠን ዕጢው ጋ የሚደርሰው መካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። ጉበትና ጣፊያ አብዛኛውን በመንገድ ያስቀሩታል።

ለኤርሊክ ንድፍ ይበልጥ የቀረበው ፀረ እንግዳ አካልን ከመርዝ ጋር ማጣመር ነው። ለደም ካንሰር የሚሰጠው ማይሎታርግ በ2000 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ መያዣው ፀረ እንግዳ አካል፣ ገዳዩ ካሊኪያማይሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ፣ ሁለቱን ያገናኘው ደግሞ በአሲድ የሚፈታ ማያያዣ ነው። በጉዳቱ ምክንያት በ2010 ከገበያ ወጣ። በ2017 መጠኑ ተቀንሶና ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ተደርጎ እንደገና ተፈቀደ።